የአያ ሁሴን በረዶ

መጻፍ ልማዴ አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ብዙ የጻፍኩት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው፤ እሱም ያሰብኩት ቦታ አላደረሰኝም። ይህን የምጽፈው እህቴ ረውዳ ስለሞተች ነው። የምነግራችሁ ግን ስለ ሞቷ ብቻ አይደለም። ከቀበርናት በኋላ፣ ገና ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ መግሪብ የሆነውን፣ እሱም ያስከተለውን ነው። ከእህት ሞት የሚብስ ድንጋጤ አለ ብትሉኝ አላምናችሁም ነበር። አለ። 

ይማም እባላለሁ። ቤታችን ቆቦ ነው። አባቴ ማሽላና ሽንኩርት ያመርታል፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ስቀር ከእሱ ጋር ሽንኩርት ማጠጣት ጀመርኩ። ረውዳ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ስኳር የያዛት ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የምትወጋውም ራሷ ናት። ሆዷን ቆንጠጥ አድርጋ መርፌውን ስትሰካ እኔ ፊቴን አዞር ነበር። "አለቀ፣ ዙር፤ ጀግናው" ትለኛለች። ስንጣላ ደግሞ፣ "አንተን እንኳን ስኳር ማርም አያጣፍጥህ" ብላ እናቴ ጀርባ ትደበቃለች።

ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ ይባላሉ። የልጆች ሐኪም ናቸው፤ በዚያ ላይ የልጆችን ስኳርና የሆርሞን በሽታ ለብቻው የተማሩ። እንደሳቸው ያለ ሐኪም በአገሩ ጥቂት ነው። ረውዳ መጀመሪያ በታመመች ጊዜ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለች ስትንከራተት ቆይታ፣ በመጨረሻ እሳቸው እጅ ደርሳ ነው የተረፈችው። እናቴ፣ "አንዴ እኔ ወልጃታለሁ፣ አንዴ ደግሞ ዶክተሯ ወልዳታለች" ትል ነበር።

ዶክተር ሰብለ ከሕክምናው ሌላ ዓመታት የፈጀ ጥናት ነበራቸው። ኢንሱሊንን ሙቀት ያበላሸዋል። እንደ ራያ ቆላ ባለ አገር፣ ፍሪጅ በሌለው ቤት፣ መድኃኒቱ እንዴት ይቆያል? ይህን ነው የሚያጠኑት። ቤታችን ድረስ መጥተው አሳዩን። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል። በሁለቱ መሃል አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባና አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ጣት የምታክል የሙቀት መለኪያም አብረው አስገቡበት። ረውዳ መለኪያዋን እያነበበች በስልክ ትነግራቸው ነበር። "እኔ የዶክተሯ ረዳት ነኝ፤ አንተስ የማን ነህ?" ትለኛለች። የሽንኩርት እላታለሁ።

አሁን ወደ አያ ሁሴን ልምጣ። ይህን ቀድሜ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም።

አያ ሁሴን ጎረቤታችን ነው፣ ባለ ሱቅ። ልጅ የለውም። ለረመዳን ብሎ ትልቅ ፍሪዘር ገዛ፤ መብራት ሲጠፋ የሚያስነሳው ጀነሬተርም አለው። በዚያ ሙቀት ጾመኛው ሁሉ ለማፍጠሪያ በፌስታል በረዶ ይገዛዋል። አንድ ቀን ቤታችን ጎራ ሲል እናቴን አሸዋውን ስታጠጣ አገኛትና ሳቀባት።

"እቴ፣ የልጅ ነፍስ በሸክላ ታስቀምጫለሽ? እኔ እያለሁ?"

እናቴ ዶክተሯ ያሉት ነው አለችው። እሱም፣ ዶክተሯ ያሉት ቀዝቃዛ ቦታ ነው፣ ከእኔ ፍሪዘር የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ ደግሞ ከዚህ እስከ ደሴ ቢፈለግ አይገኝም አላት። ምንም አልጠየቀም። ለአላህ ብሎ ነው። እናቴ መረቀችው። ሰፈሩ ሁሉ መረቀው። በአንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ላይ በእስክሪብቶ "ረውዳ" ብሎ ጻፈና ብልቃጡን ከበረዶው መሃል አስቀመጠላት። ማሰሮው ጥግ ላይ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ረውዳ ጠዋትና ማታ ሱቁ ትሄዳለች። ብልቃጡ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። አያ ሁሴን ቢስሚላህ ብሎ በሁለት መዳፉ መሃል ይይዘውና እያሸ ያሟሟዋል፤ ወተት ሲመስል ይሰጣታል። "አያ ሁሴን እንደ ዶሮ ታቅፎ ይፈለፍልልኛል" እያለች ትስቅ ነበር።

ከዚያ ውሃ ጥም ጀመራት። ዶክተሯ እንዳትጾም ከልክለዋት ስለነበር ውሃ መጠጣቷ ማንንም አላስደነቀም። አያ ሁሴን እንኳ፣ "የጾመኛውን ድርሻ ሁሉ ጨረሽው እኮ" እያለ ይቀልድባታል። ከሳች። ሙቀቱ ነው አልን። የስኳር መለኪያዋ ወረቀት አልቆ ነበር፤ ቀጠሮዋም ከኢድ በኋላ ነው። መርፌዋን ግን አላቋረጠችም። ይህን ያዙልኝ። አንድ ሌሊት ስታስመልስ አደረች። ጠዋት እንደ ሯጭ ትተነፍስ ነበር፣ ትንፋሿም የበሰበሰ ሙዝ ሸተተኝ። መኪና ለምነን ወደ ሆስፒታል ስንወስዳት፣ መንገድ ላይ፣ አባቴ ጭን ላይ...

እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ዶክተር ሰብለ በሦስተኛው ቀን ከሾፌራቸው ጋር መጡ። ሰዉ ድንኳን ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጧል። ረመዳን ስለሆነ ቀን የሚቀመስ ነገር የለም፤ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። ማታ ለቀስተኛው የሚያፈጥርበትን ውሃ የሚያቀዘቅዝልን አያ ሁሴን ነው። በረዶውን በጆንያ ተሸክሞ ያመጣል። ከቤተሰቡ ሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ዶክተሯ እናቴን አቅፈው አለቀሱ። ቆይተው እኔን ወደ ጓሮ ጠሩኝ። መርፌዋን አቋርጣ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላቋረጠችም አልኩ። ቀንሳስ? አልቀነሰችም። ሌላ ቦታ የተገዛ መድኃኒት? እርስዎ የሰጧትን ነው አልኩ። 

"ይማም፣ ብዙ ልጆች ሞተውብኛል" አሉኝ። "መድኃኒት አጥተው። በሽታቸው ሳይታወቅላቸው። መርፌውን በትክክል እየወሰደ እንዲህ የሞተብኝ ልጅ ግን አላውቅም። ብልቃጡን ላየው። ማሰሮው የት ነው?"

ማሰሮውን ከተውነው ቆየን አልኳቸው። አያ ሁሴን ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ እዚያ ይበልጥ ይቀዘቅዛል አልኩ። ይህን ስል ኮራ ብዬ ነበር። አዎ፣ ኮርቼ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቶሎ አምጣው አሉኝ።

አያ ሁሴን ከተቀመጠበት ሳይነሳ የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። "ሂድ የኔ ጌታ፤ በግራ በኩል ነው። ኩባያዋን አልነካሁትም" አለኝ።

ሱቁ ጨለም ያለ ነው። ፍሪዘሩን ስከፍተው ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ። ከበረዶው መሃል ኩባያዋን አየሁ፣ ስሟን። ከጎኑ ሌላ ኩባያ አለ። "ከድር" ይላል። ባዶ ነው። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። የረውዳን ብልቃጥ አንስቼ ሮጥኩ።

ዶክተር ሰብለ ተቀብለው ወደ ጸሐይ አነሱት። አገላበጡት። ውስጡ ነጭ ድንጋይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

"እንዲህ ሆኖ ነው የሚቀመጠው?"

"አዎ። አያ ሁሴን በእጁ ያሟሟላታል።"

እሳቸውም መዳፋቸው ውስጥ አድርገው ጠበቁ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅኩ። ሲሟሟ ከሩቅ ወተት ይመስላል። ጸሐይ ላይ ሲይዙት ግን እንደ ተበላሸ ወተት ቋጥሯል፤ ፍርፋሪው ብልቃጡ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ዶክተሯ ግድግዳውን ደገፍ ብለው ቁልቁል ተንሸራተቱና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

"ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀለት" አሉ። "ቢሟሟም አይሠራም። ውሃ ነው ስትወጋ የነበረችው።"

ቃላቱን ሰማኋቸው፤ ግን ውስጤ አልገቡም። ሽንኩርቱን ማጠጣት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ነው።

አባቴ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። መቼ እንደመጣ አላየንም።

"ሁሴን እንዳይሰማ" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "እናቷም እንዳትሰማ። ያቺን ልጅ እንደ ልጁ ነው የሚያያት። ይህን ከሰማ በሕይወት አይቆይም።"

 እኔ ግን ሁለተኛው ኩባያ ትዝ አለኝ። 

"ሌላ ኩባያ አለ" አልኩ። "ከድር ይላል። ባዶ ነው።"

ዶክተር ሰብለ ተነሡ። እሳቸው የሚያክሟቸው ከድር የሚባሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የዋጃ አለ፣ የሮቢት አለ፣ የጎብዬ አለ። አንዱ በሰሜን ነው፣ ሌሎቹ በደቡብ። ተሳስተው ወደ ዋጃ ቢሄዱ የጎብዬው ልጅ ሊሞት ይችላል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው አያ ሁሴን ብቻ ነው።

አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ቆመ። "እኔ እጠይቀዋለሁ" አለ።

ከድንኳኑ ጠርቶ አመጣው። ሌላ ምንም አልነገረውም፤ ሁለተኛው ኩባያ የማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። የአያ ሁሴን ፊት በራ። በለቅሶው ሁሉ እንዲህ በርቶ አላየሁትም ነበር።

"የጎብዬዋ የዘይነባ ልጅ ነው። ረውዳ ናት፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሐኪም ቤት ተዋውቃት ቦታ አለን ብላ ያመጣቻት። የቀብሩ ዕለት ጠዋት የያዘችው አልቆባት መጥታ አዲሱን ብልቃጥ ወሰደችለት። አብሽሩ፣ እንዳይሞቅ በበረዶ ጠቅልዬ ነው የሰጠኋት።"

 አያ ሁሴን አባቴን አየ። እኔን አየ። ዶክተሯ መዳፍ ላይ ያለውን ብልቃጥ አየ።

"ምን አጠፋሁ?" አለ።

ዶክተር ሰብለ ነገሩት። በአጭሩ፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ፣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አያ ሁሴን ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ተመለከታቸው።

"በዚህ እጄ ነው የማሟሟላት" አለ።

አባቴ ትከሻውን ሊይዘው ሲል ወደ ኋላ ሸሸ። ይወድቃል ብዬ ነበር። አልወደቀም። ቀጥ ብሎ ወደ ዶክተሯ መኪና ሄዶ በሩን ከፈተ። "ቤቱን አውቀዋለሁ" አለ።

አባቴ ለቀስተኛው ጋ ቀረ። እኛ ወጣን፤ ሾፌሩና ዶክተሯ ከፊት፣ እኔና አያ ሁሴን ከኋላ። የዘይነባን ስልክ ደጋግመን ሞከርን፣ አይሠራም። ሾፌሩ ባጃጁንም ከብቱንም በጥሩምባ እየበተነ ይነዳል። ሮቢትን አለፍን። ከዚያ አያ ሁሴን ከኋላ ጠየቀ።

"ዶክተር፣ ይህን ነገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል? እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት?"

ዶክተሯ ዞር አላሉም። ፊት ለፊት መንገዱን እያዩ መለሱለት።

"እኔ አውቀዋለሁ። ለእናንተ ግን አልነገርኩም። ስንት ዓመት ከቤት ቤት ስዞር ያስተማርኩት ሙቀት፣ ሙቀት፣ ሙቀት ነው። ቆቦ ላይ በረዶ ልጅ ይገድላል ብዬ አላሰብኩም። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ አልኩ፤ እናንተ ደግሞ ለልጃችሁ ካለው ሁሉ ቀዝቃዛውን መረጣችሁ።"

ከዚያ ሳንጠይቃቸው ማውራት ቀጠሉ። ዝም ማለቱ የከበዳቸው መሰለኝ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሆነው ቆላ አገር ሲሠሩ አንድ ልጅ ወባ ነው ተብሎ መጣላቸው፤ የወባ መድኃኒት ሰጡት፤ በማግስቱ ሞተ። ስኳር መሆኑን ያወቁት ኋላ፣ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት እንደነበር ሲያስታውሱ ነው። የልጆችን ስኳር ልማር ብለው ርቀው የሄዱት በሱ ምክንያት ነው። ተምረው ሲመለሱ በሽታውን አውቆ መርፌ ማስጀመር ቻሉ፤ ልጆቹ ግን ቤት ሄደው መድኃኒቱ ሙቀት እየመታው ይሞቱባቸው ጀመር። የማሰሮውን ጥናት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። "በር ዘጋሁ ስል፣ ሞት በዚያው በዘጋሁት በር ገባብኝ" አሉ። 

ጎብዬ ስንደርስ አያ ሁሴን ከገበያው ጀርባ ባለው መንገድ መራን። መኪናው ሳይቆም ወረደ። ዘይነባ ከቤት ወጣች። እጇ አረንጓዴ ነው፤ ዳማ ከሴ እያሸች ነበር።

"ምች መቶት ነው" አለችን። "ፀሐይ ላይ ኳስ ሲጫወት ውሎ።"

ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ቁርበት ላይ ተኝቷል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ተኝቶ ይሮጣል። ቤቱ የዳማ ከሴ ሽታ ሞልቶታል። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ። የበሰበሰ ሙዝ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።  የሚተነፍሰው ከድር አልመሰለኝም።

ዶክተሯ ጣቱን ወግተው መለኪያው ላይ ጠብ አደረጉ። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ከልክ በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ ሰጠ። ዘይነባ መሬት ላይ ተንበርክካ፣ መርፌውን አላቋረጥኩበትም፣ አላህ ያውቃል፣ አላቋረጥኩም ትላለች። ብልቃጡን ከእርጥብ ጨርቅ ፈትታ አሳየች። ቋጥሯል።

"አንቺ ምንም አላጠፋሽም እህቴ" አሏት ዶክተሯ። የደም ሥሩን ፈልገው መርፌውን ሰኩና የጨው ውሃውን ከረጢት አያያዙ። ከራሳቸው ሳጥንም ደህናውን ኢንሱሊን አወጡ። እዚህ አይሆንም፣ ወልድያ ሆስፒታል ይግባ አሉ። አያ ሁሴን ልጁን አቅፎ መኪና ውስጥ አስገባ፤ ዘይነባም ተከትላ ገባች።

ከረጢቱ የሚሰቀልበት ነገር አልነበረም። አያ ሁሴን ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ያዘው። በግራ እጁ የልጁን ራስ ደግፏል። ያቺ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ስትል እያየሁ ሄድኩ። ጠብታዋ የቆመች ሲመስለኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። ልቀበልህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኋላም ጠየቅኩት። እምቢ አለ።

መንገድ ላይ ከአንድ መስጊድ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሾፌሩ ከኪሱ ተምር አውጥቶ አደለን። የአያ ሁሴን ሁለቱም እጆች ተይዘዋል። ዶክተር ሰብለ ከፊት ወንበር ዞረው፣ የተምሩን ፍሬ አውጥተው፣ በእጃቸው አጎረሱት። አልዋጠውም። ጉንጩ ውስጥ እንደያዘው እንባው ጺሙ ላይ ወረደ።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ከረጢቱን ተቀበለችው። እጁ ግን አልወርድ አለ። እኔ ነኝ ቀስ አድርጌ ያወረድኩለት።

ከድር ተረፈ። በማግስቱ ጠዋት እኔና አያ ሁሴን አልጋው አጠገብ ቆመን ሳለ ዓይኑን ገለጠ። አያ ሁሴንን አወቀው። እናቱ ቆቦ ገበያ ስታመጣው ስኳር ያልነካው በረዶ በስኒ ይሰጠው ኖሯል።

"አያ ሁሴን፣ በረዶ አመጣህልኝ?" አለው።

አያ ሁሴን ከክፍሉ ወጣ። ስከተለው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት።

ቆቦ ተመለስን። ለእናቴ ምንም አልነገርናትም። አባቴ ነገሩ ከእኛ ጋር ይቀበር አለ። አያ ሁሴን ሱቁን አልከፈተም፣ ቤታችንም አልመጣም። እናቴ፣ ሁሴን አሞታል መሰለኝ፣ ሄዳችሁ ጠይቁት ትለን ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ ሽሮ ሊገዛ ይወጣል? እኔ አልወጣሁም።

ኢድ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ጠዋት፣ በራችን ላይ ሰው በዛ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ከመሃላቸው አያ ሁሴን በባዶ እግሩ ቆሟል። አንገቱን ደፍቷል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣው ደም ያፈሰሰ ሰው ነው። ሰው የገደለ፣ ከሟች ቤተሰብ ምሕረት ሲለምን። የሟች ወገን አውርድ ካላለው ድንጋዩን አያወርድም። እናቴ ይህን ታውቃለች። ከጓዳ ወጥታ ስታየው የያዘችው ማሰሻ ከእጇ ወደቀ።

"ሁሴን ማንን ገደለ?" ብላ ሽማግሌዎቹን ጠየቀች።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።  የመለሰላት ራሱ አያ ሁሴን ነው፣ ቀና ሳይል።

"ረውዳን" አለ።

የእናቴን ፊት ልገልጽላችሁ ብዙ ሞከርኩ፣ ሰረዝኩት። አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። ማሰሮውን፣ ፍሪዘሩን፣ ብልቃጡን፣ ከድርን።  አያ ሁሴን ከድንጋዩ ክብደት ወደ ጎን ዘመም አለ። አንዱ ሽማግሌ ሊደግፈው እጁን ሰደደ፣ ሌላው ከለከለው፤ አይፈቀድም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። ሁላችንም የምናየው የእናቴን አፍ ነው።

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። እምቢ አለች ብለን ነበር። አባቴም እንዲሁ መስሎት ፊቱን ሸፈነ።

ስትመለስ ማሰሮውን ታቅፋ ነው። አሸዋው ደርቆ ነጣ ብሏል። አያ ሁሴን እግር ሥር አስቀመጠችው።

"ያ ልጅ አለ?" አለችው።

"አለ።"

"መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?"

 እናቴ ውሃ አምጥታ አሸዋው ላይ አፈሰሰች። አሸዋው እንደ ተጠማ ሰው ጠጣው። ደግማ አፈሰሰች። ጨርቁን ነክራ አፉን ሸፈነችው። ከዚያ ወደ አያ ሁሴን ተጠግታ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አነሣችው። አልጣለችውም። ጎንበስ ብላ ከጨርቁ ጠርዝ ላይ አሳረፈችው።

"ፍየል እንዳይከፍተው" አለችው። "ሳይደርቅ አድርስለት።"

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለረውዳ እንዲያ ጮኻ አታውቅም ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ለምን እንደጻፍኩላችሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ፣ ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ካለ ሂዱና ብልቃጡ የት እንዳለ እዩ። ፍሪጅ ካላችሁ በረዶ ከሚሠራበት ክፍል አርቁት። ከሌላችሁ ማሰሮውን አትናቁት። አንዴ በረዶ ሆኖ ከነበረ ጣሉት፤ ሐኪም ቤት ሂዱና ሌላ ጠይቁ። ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አትርሱ።

ሁለተኛውን እንዴት እንደምለው አላውቅም። ክፉ ሰው ቢገድላት ኖሮ የምጠላው ሰው ይኖረኝ ነበር። እኔ ያየሁት ልጅ የሌለው ሰው፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ በመዳፉ ሙቀት ሲያሟሟላት ነው። ብዙ ሌሊት የምጠላው ሳጣ አድሬያለሁ። ደግነትን ፈርቻለሁ። አሁንም ሰው ሊረዳኝ ሲመጣ፣ "ይህን ነገር ታውቀዋለህ?" ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቅር ይለዋል። ይበለው።

ዶክተር ሰብለ የረውዳን ብልቃጥ እናቴን አስፈቅደው ወሰዱ። አሁን ከቤት ቤት ሲዞሩ መጀመሪያ የሚያሳዩት ማሰሮውን ሳይሆን እሱን ነው፤ ጸሐይ ላይ ይዘው፣ ፍርፋሪው እስኪታይ። ጥናታቸውንም እንደ አዲስ ጀምረውታል። ወደ ዋጃና ወደ ሮቢት ሲሄዱ እኔ አብሬ እሄዳለሁ፤ አሸዋ እነፋለሁ፣ ማሰሮ አስቀምጣለሁ። አንተስ የማን ነህ ብላ የምትጠይቀኝ ግን የለችም። አያ ሁሴን ሱቁን ከፍቷል። ፍሪዘሩን አልሸጠውም። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም፣ "የስኳር መድኃኒት እዚህ አይገባም" ብሎ ጽፎበታል። በረዶ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ለምን ብሎ ከጠየቀው ሳይነግረው አይሸጥለትም።

በቅርቡ ጎብዬ ሄጄ ነበር። ከድር ማሰሮውን በጥላው በኩል አስቀምጦታል፤ አሸዋውን የሚያጠጣው ራሱ ነው። ሊያሳየኝ ብሎ ጨርቁ ላይ ያለውን ያን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሣው። ፊቱ ቀላ።

"ከባድ ነው" አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት።